ሜዳው ሳይሸነሸን እንነጋገር

(ከአሰንዳቦ ልጅ)

«ለአሰንዳቦ ደግሞ መናፈሻ ምን ያደርግላታል? ዙሪያዋ ሁሉ አረንጓዴ አይደል እንዴ!» ይህን ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ወልቂጤን አልፎ፣ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶና አቀበቱን ወጥቶ፣ ሰኮሩን ተሻግሮ ወደ ጅማ የሚያቀና መንገደኛ በአውቶቡሱ መስኮት የሚያየው ልምላሜ ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዋንዛው፣ ከሩቅ የሚታየው ተራራ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ዓይን የሚሞላው ሣር። እንዲህ ባለ አገር «መናፈሻ ይከለልልን» ብሎ ጋዜጣ ላይ መጻፍ የጠገበ ሰው ጨዋታ ሊመስል ይችላል።

እኔ የአሰንዳቦ ልጅ ነኝና መልስ አለኝ። ያ በመስኮት የሚታየው አረንጓዴ ሁሉ ባለቤት አለው። በቆሎው የገበሬው ነው። ባህር ዛፉ የተካዩ ነው። ግጦሹ የከብቱ ነው። ታዲያ የከተማው ልጅ ኳሱን ይዞ የሰው ማሳ ውስጥ ይግባ? ከገበያ የሚመለሱት እናት እግራቸውን ለማሳረፍ የሰው ቡና ሥር ይቀመጡ? ዓይን የሚያየው አረንጓዴ ሌላ፣ ሰው የሚቀመጥበት አረንጓዴ ሌላ! የመጀመሪያው ሞልቶናል። ሁለተኛውን ግን እስቲ ውድ አንባቢ፣ በምትኖሩበት ከተማ በጣታችሁ ቁጠሩልኝ። ሳንቲም ሳይከፍሉ፣ ሻይ ሳያዝዙ፣ ማንም መጥቶ «ተነሥ» ሳይላችሁ የምትቀመጡበት ጥላ ስንት አለ?

የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር አንድ ነው። ሜዳ የሚከለለው ሜዳ ሳለ ነው። ካለቀ በኋላ «መናፈሻ እንሥራ» ማለት «ቤት እናፍርስ» ማለት ነው። ትልልቆቹ ከተሞች ይህን የተማሩት በሰው ዕንባ ነው። አሰንዳቦና መሰሎቿ ግን ገና ጊዜ አላቸው። ጊዜው ደግሞ ረጅም አይደለም።

«ባዶ ቦታ» የምትለዋ ቃል

የመንገድ ዳር ከተማ እንዴት እንደሚያድግ ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ አስፋልቱን ይዞ ሻይ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ጎሚስታው ይሰለፋል። ከዚያ የእህሉና የቡናው መጋዘን ይከተላል። ከጀርባው መኖሪያው ይጠጋጋል። መሐል ላይ የሚተርፈው ምንድነው? የልጆች ኳስ ሜዳ፣ የገበያው ዳርቻ፣ የወንዙ ዳር፣ የትምህርት ቤቱ ጓሮ። ይኸው ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ቀያሽ ይመጣል። ሜትሩን ዘርግቶ፣ ወረቀቱ ላይ አይቶ «ይሄ ባዶ ቦታ ነው» ይላል። እኔን ሁሌም የሚያስገርመኝ ይህች «ባዶ» የምትባል ቃል ናት። ከሰዓት በኋላ አርባ ልጅ የሚራወጥበት፣ ጠዋት ሸማኔው ድሩን የሚወጥርበት፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀምጦ የባልና ሚስት ጠብ የሚያበርድበት፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከልበት ቦታ እንዴት ሆኖ ነው ባዶ የሚባለው? ባዶ የተባለው ገንዘብ ስለማይከፍል ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ምስጢሩም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው፣ አዋጅ ቁጥር 721፣ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የከተማ መሬት በካሬ ሜትር ዋጋ የሚቆረጥለት ዕቃ ሆኗል። ለማዘጋጃ ቤት የኳስ ሜዳ ምን ያስገባል? ምንም! ያው ሜዳ ሲሸነሸን ግን ጨረታ ይወጣል፣ ገንዘብ ይገባል፣ በሪፖርት ላይም «ይህን ያህል ገቢ ተሰበሰበ» ተብሎ ይጻፋል። ሹሙ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ሜዳውን ያጣው ልጅ ግን የትም አይዛወር፤ እዚያው ነው።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ስሟን በማልጠራት አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ለትምህርት ቆይቼ ነበር። የምንጫወትበት ሜዳ ነበረን። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንሄድ ችካል ተተክሎበት አገኘነው። ማን ወሰነ? መቼ ተወሰነ? ማን ተጠየቀ? የነገረን አልነበረም። ዛሬ ቦታው ብሎኬት በብሎኬት ሆኗል። የዚያ ሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱት አስፋልቱ ዳር ነው፤ ያውም ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው አይሱዙ ሽው በሚልበት አስፋልት። እናቶቻቸው ልጅ ከቤት በወጣ ቁጥር ልባቸው አብሮ ይወጣል። እንግዲህ የዚያ የሊዝ ገቢ ሂሳብ ውስጥ የእናቶቹ ጭንቀት በስንት ተተምኖ ገባ?

አዲስ ከተማን ያየ በእሳት አይጫወትም

ሜዳ ያለቀበት ከተማ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጅማ አውቶቡስ መንገደኛውን መርካቶ አካባቢ ካወረደው በቂ ነው። መርካቶን የያዘው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ250 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። የመሬቱ ስፋት ግን ከ8 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። አካፍሉት፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ30 ሺህ ሰው በላይ ይመጣል። ይህ እንግዲህ ነዋሪው ብቻ ነው። ለመሸጥና ለመግዛት፣ ለመሸከምና ለመሳፈር በየቀኑ የሚጎርፈው ሕዝብ አልተቆጠረም።

እዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳን የት ይተከላል? መንገድ ላይ! እድሩ ወንበሩን አስፋልት ላይ ይደረድራል፣ ታክሲው ይዞራል፣ ለቀስተኛው በጥሩምባ ጩኸት መሐል ያለቅሳል። ልጅ የት ይጫወታል? በረንዳ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ የቦይ ክዳን ላይ። ጥላ የፈለገ ሽማግሌስ? የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም የመስጊድ ግቢ ይገባል። የእግዚአብሔር ቤት ባይኖር ኖሮ የአዲስ አበባ ሰው የዛፍ ጥላ ምን እንደሆነ ለልጁ በሥዕል ነበር የሚያሳየው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ለምን ተረፈ? በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ክብ ሆኖ የቀረ ደን ካለ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዝናቡ ያው፣ አፈሩ ያው። የተለየው አንድ ነገር ነው። ወሰኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚጠብቀውም ሰው አለው። መጥረቢያ ይዞ የገባ ሰው ከሕዝብ ዓይን አያመልጥም። እንግዲህ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዛፍን የሚያድነው ወሰኑ የታወቀና ጠባቂ ያለው መሆኑ ነው። ወሰን ያልተበጀለት፣ ጠባቂ ያልተሰየመለት ሜዳ ግን «ባዶ ቦታ» ተብሎ ይሞታል።

ዶዘር ያመጣው አረንጓዴ

«እንዴ! አዲስ አበባ እኮ አሁን መናፈሻ በመናፈሻ ሆናለች» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን መካድ አልወድም። በ2012 ዓ.ም. መስከረም አንድነት ፓርክ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የወዳጅነት አደባባይ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቁ። ያማሩ ናቸው፤ ሄዶ ያየ ሰው ይመሰክራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ጎዳናዎችም በነጻ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር፣ ለእግረኛ የሚበቃ መንገድና የልጆች መጫወቻ ተገኝቷል። ይህን «አላየሁም» የሚል ዓይኑን የጨፈነ ነው።

ዳሩ ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ አንድነት ፓርክ ሲከፈት መግቢያው ለመደበኛ ጎብኚ 200 ብር፣ «ቪ.አይ.ፒ» ለተባለው 1000 ብር ነበር። ባልና ሚስት ብቻ ቢገቡ እንኳ በመደበኛው 400 ብር ማለት ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ይህን ከፍሎ አየር ሊቀበል ነው? ቲኬት ተቆርጦለት በዓመት አንዴ የሚገባበት ግቢ የሚጎበኝ ቦታ ነው። መናፈሻ የምለው ግን ማታ ከሥራ መልስ ልጅ ይዘው በነጠላ ጫማ የሚደርሱበትን ነው። ይህ ከሌለ ሰፈሩ መናፈሻ አለው አይባልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። ያ አረንጓዴ የመጣው እንዴት ነው? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ምን እንደሆነች አይተናል። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። ዕድሜ ልኩን በአንድ ግቢ የኖረ ሰው፣ በአንድ እድር የተቃበረ ጎረቤት፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተበትኖ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ሣሩ ተነጠፈ፣ አበባው ተተከለ፣ መብራቱ በራ። ግን ለማን? ሣሩ ላይ መቀመጥ የነበረበት የሰፈሩ ሰው በቦታው የለም።

ስለ ኮሪደር ልማቱ ብዙ ተብሏል፣ ገናም ይባላል። እኔ ዛሬ የማነሳው አንዱን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰፈር ሲመሠረት በየመሐሉ አንዳንድ ሜዳ ተከልሎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ለአረንጓዴ ተብሎ የሚፈርሰው ቤት ያንን ያህል ባልሆነ ነበር። የትናንት ሹም «ባዶ ነው» ብሎ የሸነሸነውን የዛሬው ሹም «አረንጓዴ ይሁን» ብሎ አፈረሰው። ሁለቱንም ጊዜ የከፈለው ማነው? ነዋሪው!

ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቁጥር እንሰማለን። ችግኝ መተከሉ ደግ ነው። ነገር ግን ችግኙ ሲቆጠር በየቀበሌው የቀረው ሜዳ ለምን አይቆጠርም? «ዘንድሮ ይህን ያህል ካሬ ሜትር የሕዝብ ጥላ ነበረን፣ ይህን ያህል ቀረ» የሚል ሪፖርት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

የፈረንጅ ቅንጦት ነውን?

«መናፈሻ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ገና ዳቦ አልጠገብንም» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ ሰዎች መልሱ ያለው አሰንዳቦ ባለችበት በኦሞ ናዳ ወረዳ ነው። ኦዳ ሁሌ እዚያ ነው። የጊቤ አካባቢ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓቱ የተሰበሰበው፣ ሕግ የደነገገው፣ የተጣላውን ያስታረቀው ኦዳ ሥር ነው። ፓርላማ የሚባለው ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት ፓርላማችን ዛፍ ነበር። ወደ ሌላው አገር ብትሄዱ ዋርካው፣ ሾላው፣ ወይራው ይህንኑ ሥራ ሠርቷል። ሽማግሌ የሚቀመጠው ዛፍ ሥር፣ ዳኛ የሚያስችለው ዛፍ ሥር፣ እንግዳ የሚያርፈው ዛፍ ሥር። ታዲያ የሕዝብ ጥላ ከእኛ ወዲያ የማን ሊሆን ነው?

ቡናችንን እንኳ ተመልከቱት። የጅማ ገበሬ ቡናውን ሜዳ ላይ ለፀሐይ አይሰጠውም። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ግራሩ ጥላ ይሆነዋል። ጥላው ሲቆረጥ ቡናው ይጎዳል፤ ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ለቡና ተክል ጥላ እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ አገር ለሰው ልጅ ሲሆን «ቅንጦት ነው» ማለቱ አይገርምም?

ክፍት ሜዳ ደግሞ ለመናፈስ ብቻ አይደለም። ጃንሜዳን አስታውሱ። በነገሥታቱ ዘመን ፈረስ የተጋለበበት፣ ጉግስ የተጫወቱበት፣ ታቦታት ለጥምቀት የሚያድሩበት፣ የሰፈሩ ልጅ ኳስ የለመደበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ ተጨናንቋል ተብሎ ወዴት ተዛወረ? ወደ ጃንሜዳ! በ2013 ዓ.ም. ለጥምቀት ተጸድቶ ተለቀቀ። እዚያ ሜዳ ላይ ገበያ መዋሉን የወደደው አልነበረም፤ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ከተማዋ የምትሸሽበት አንድ ሰፊ ሜዳ መኖሩ ጠቀማት። የዒድ ሰላት የሚሰገደው፣ መስቀል የሚደመረው፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ፣ እሳት ቢነሳ ሰው የሚሰበሰበው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ የሌለው ከተማ በደስታም በመከራም መውጫ የለውም።

ደግሞም ሜዳ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለድሃው ነው። ባለ ቪላው ጓሮ አለው፤ ልጁ እዚያ ይጫወታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚያድረው ቤተሰብ ግን ሳሎኑ ደጅ ነው። ደጁን ስትሸጥበት ግማሽ ቤቱን ሸጥክበት ማለት ነው። «ቤት የሌለው ሰው እያለ ሜዳ ምን ያደርጋል» የሚለው ክርክር ለድሃ የተቆረቆረ ይመስላል፤ ውጤቱን ስናይ ግን በተሸነሸነው ሜዳ ላይ ጨረታውን የሚያሸንፈው ድሃው አይደለም።

የናይሮቢዋ ሴት

ሜዳን ማዳን እንደሚቻል አንድ የጎረቤት ምሳሌ ልጥቀስ። ናይሮቢ መሐል ላይ ኡሁሩ ፓርክ የሚባል የሕዝብ መናፈሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የዳንኤል አራፕ ሞይ መንግሥት ገዢ ፓርቲ ካኑ እዚያ መናፈሻ ላይ የፓርቲው ጋዜጣ የሚቀመጥበት 60 ፎቅ ያለው ሕንጻ ሊገነባ ተነሳ። በአፍሪካ የሚያክለው የለም ተባለለት። የሚናገር ሰው ጠፋ። ፓርቲው አንድ፣ ፕሬዚዳንቱ አንድ፣ ድምፁም አንድ በሆነበት ጊዜ ማን ይናገር?

ዋንጋሪ ማታይ የምትባል ምሁር ተነሳች። ጠመንጃ የላት፣ ወታደር የላት፤ ደብዳቤ ጻፈች። ለመንግሥት ጻፈች፣ ለውጭ ኤምባሲ ጻፈች፣ ለጋዜጦች ጻፈች። ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ የሕዝቡን መናፈሻ ለምን ትወስዱታላችሁ? ፓርላማ ውስጥ ተሰደበች፣ ተሳለቁባት፣ ድርጅቷም ከቢሮው እንዲወጣ ተደረገ። ክርክሩ ግን ከአገር አልፎ ተሰማ፤ የውጭ ባለገንዘቦች ሸሹ፤ ሕንጻው ሳይሠራ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ያቺው ሴት የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ሽልማቱን በማግኘት ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች።

ከዚህ የምንማረው ምንድነው? ናይሮቢ ላይ መናፈሻው ስም ነበረው፣ ወሰን ነበረው፣ «የሕዝብ ነው» ተብሎ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ሊነጥቁት ሲመጡ «የእኛን አትንኩ» ማለት ተቻለ። የእኛ የትናንሽ ከተሞች ሜዳ ግን ስም የለው፣ ካርታ የለው፣ ወሰን የለው። ሲወሰድ «ምን ተወሰደባችሁ?» ብንባል የምናሳየው ወረቀት የለንም።

ጅማ ቅርብ ናት

ከአሰንዳቦ ተነስቶ ሰርቦን ሲያልፉ ጅማ ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ያቆሙት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ገበያው ታች ሂርማታ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያን ፈረንጅ አራዳን ገነባ። የጅማ ልጅ ዛሬም ከተማውን የሚያወድሰው በዛፎቿ ነው። ግን ዛፍ የሚታየው መንገድ ዳር ስለሆነ ይወደሳል፤ የማይታየውን ማን ይጠይቅለት?

የማይታየው ረግረጉ ነው። ጅማ ዝናብ የጠገበች ናት፤ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርድባታል። አዌቱ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ይህን ሁሉ ውኃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀው እንደ ቦዬ ያለው ረግረግ ነው። ወፉ እዚያ ይሰፍራል፣ ሣሩ እዚያ ይበቅላል። ታዲያ ጡብ ሠሪው አፈሩን ይቆፍራል፣ አራሹ ዳሩን ይገፋል፣ ቤት ሠሪው ይጠጋል። ሁሉም እንጀራውን ፍለጋ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ለውኃ የተተወ ቦታ ሲጠብ ውኃው ወደ ሰው ቤት እንደሚገባ ማንም ያውቃል። ኮሪደር ልማቱ አሁን ጅማም ደርሷል። መንገዱ ሲያምር ረግረጉ አብሮ በካርታ ተከልሎ ካልተጠበቀ፣ ፊት ታጥቦ እግር የተረሳበት ሥራ ይሆናል።

ጅማ ትልቅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ባለሙያ አላት፣ የሚጮህላት አታጣም። አሰንዳቦስ? ሰኮሩስ? ሰርቦስ? የእነዚህን ከተሞች ሜዳ ማን ይቆጥራል?

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የከተማ ልማት ባለሥልጣኖቻችን ሲናገሩት የኖሩት አንድ መርሕ አለ። ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። ግሩም ነው! በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል፤ በአንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እኛ አዲስ ሕግ አላማረንም። ወረቀት ላይ ያለው መሬት ላይ ይውረድ ነው የምንለው። ለዚህም የሚያስፈልገው ሚሊዮን ብር አይደለም።

አንደኛ፣ ሜዳዎቹ ይቆጠሩ። የኳስ ሜዳው፣ የወንዙ ዳር፣ የገበያው ዛፍ፣ አንድ ሳይቀር ይለካ፣ ስም ይሰጠው፣ በከተማው ፕላን ላይ በአረንጓዴ ቀለም ይግባ። ካርታውም በቢሮ መሳቢያ ተቆልፎ አይቀመጥ። ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ ሰው ሁሉ ይየው። የተለጠፈን ካርታ በሌሊት መቀየር ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ «ለጊዜው» የምትባለው ነገር ትቅር። ሜዳ የሚሞተው በአንድ ቀን አይደለም። ለጊዜው የጠጠር መከመሪያ፣ ለጊዜው የመኪና ማቆሚያ፣ ለጊዜው የወጣቶች ሼድ እየተባለ ይጀመራል። ከዚያ ያች «ለጊዜው» ሥር ትሰዳለች። ወይም ደግሞ «መዝናኛ» ተብሎ ለአንድ ባለገንዘብ ይከራያል፤ አጥር ይታጠራል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ድራፍት ይቀዳል። በእኛ አገር መዝናኛ የሚለው ቃል ትርጉሙ ቢራ ሆኖ ቀርቷል። ለልጅና ለሽማግሌ የሚሆን ቦታ ውስጥ ሞንታርቦ የሚጮህ ከሆነ መናፈሻነቱ ቀርቷል።

ሦስተኛ፣ መግቢያው በነጻ ይሁን። የጥበቃ ደሞዝ ከየት ይመጣል ለሚሉ፣ በዙሪያው ካሉ ሱቆች የሚሰበሰበው ግብር ምን ሊሠራ ነው?

አራተኛ፣ ጠባቂው እድር ይሁን። እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ዳኛ አለው፣ ቅጣት አለው። አባል ያልቀበረ እንደሚቀጣ ሁሉ ዛፍ የቆረጠም ይቀጣ። ሜዳው ለለቅሶውም ለሠርጉም ስለሚያገለግል እድሩ ራሱ ተጠቃሚ ነው። ትምህርት ቤቱም ይግባበት፤ አንድ ክፍል አንድ ዛፍ ተከፋፍሎ ያሳድግ። የሚተከለውም ለፎቶ የሚሆን ዘንባባ አይሁን። ጥላ ያለው፣ የአገሩን አፈር የሚያውቅ ዋንዛና ሾላ ይሁን።

አምስተኛ፣ ሜዳ ለሌላ ሥራ ይዋል ሲባል ስብሰባ ይጠራ። እውነተኛ ስብሰባ! አጀንዳው አስቀድሞ የተነገረ፣ «ሐሳብ ያለው» ሲባል ሐሳብ ያለው የሚናገርበት፣ የተናገረም ማታ በሰላም ቤቱ የሚገባበት። ከሜዳው ይልቅ መጋዘኑ ይበልጥብናል ብሎ ሕዝቡ ከወሰነ ይሁን፤ ቢያንስ ሰኞ ጠዋት ችካል አያስደነግጠንም።

አንድ ነገር ላክል። ከአሰንዳቦ ብዙም ሳይርቅ የግልገል ጊቤ ግድብ አለ። 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። አገር መብራት ሲያስፈልጋት ውኃው የሚተኛበት መሬት ተፈልጎ ተገኝቷል፤ ገበሬውም ከቀዬው ተነስቷል። የአካባቢው ሰው ለአገር የሚሆን መሬት ሲጠየቅ ሰጥቷል። ዛሬ በተራው ለልጆቹ የሚሆን አንድ ሁለት ሄክታር ሜዳ ቢጠይቅ «ቦታ የለም» ሊባል ነው?

ከአንድ አዛውንት ጋር ይህን ስናወራ «ልጄ፣ እኛ እኮ ቦታ የሌለን መስሎን አያውቅም» አሉኝ። «ታዲያ አባባ፣ ወዴት ሄደ?» አልኳቸው። «ሁሉም የራሱን አጠረ፤ የሁላችንን የሚያጥር ጠፋ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ እኔም የለኝ።

የአሰንዳቦ ሹማምንት ሆይ፣ የሰኮሩና የሰርቦም እንዲሁ፣ ዕድለኞች ናችሁ። አዲስ አበባ ቤት አፍርሳ የምታገኘውን እናንተ በአንድ ቀለምና በአንድ ማኅተም ታገኙታላችሁ። ሰው ማፈናቀል የለበት፣ ካሣ መክፈል የለበት፣ ዶዘር የለበት። ይህ ዕድል ግን በየጨረታው እየጠበበ ይሄዳል። ነዋሪውም ቢሆን ሹም እስኪነቃ አይጠብቅ፤ የሰፈሩን ሜዳ ዛሬ ሄዶ ይለካ፣ ስም ያውጣለት፣ «ካርታው የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ። መጠየቅ ሊዝ አይከፈልበትም!

ልብ ይስጠን።